ደመወዜ ጎድሎ ገባ፤ ነገ ጠዋት ከኃላፊዬ ጋር ከመጣላቴ በፊት እርዱኝ

ትርሲት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁና ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነርስ ነኝ፤ ጀርመን አገር ካሰል ከተማ ከገባሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የሙያ ፈቃዴ እስኪወጣ ድረስ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በረዳትነት እሠራለሁ። ውሌ 2,800 ዩሮ ይላል። ዛሬ የመጀመሪያው ሙሉ ደመወዜ ባንክ ገባ፤ 1,530! ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። አብራኝ የተቀጠረችው የፊሊፒንስ ልጅ እኩል ሰዓት ሠርተን ከ1,900 በላይ አግኝታለች። ገንዘቤን እየበሉብኝ ነው። ነገ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ6፣ ፈረቃ እገባለሁ፤ ኃላፊዋን ፊት ለፊት ልጠይቃት ወስኛለሁ። አሠሪ የሚከሰሰው የት ነው? ጠበቃ ያስፈልገኛል? ኪራይ የምከፍለው ከነገ ወዲያ ስለሆነ እባካችሁ ዛሬ ማታውኑ መልሱልኝ።

ስንታየሁ ዘፍራንክፈርት
እኅቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ለመሆኑ 2,800 ያንቺ ነው ያለሽ ማን ነው? እዚህ አገር ውል ላይ የሚሰፍረው «ብሩቶ» ነው፤ እጅሽ የሚገባው «ኔቶ» ነው። ለጡረታ ብቻ 9.3 በመቶ ካንቺ ይቆረጣል፤ አሠሪሽም ያንኑ ያህል ይጨምርበታል። የጤናው፣ የሥራ አጥነቱና የእርጅና እንክብካቤው መድን ሲደመር ግብር ገና ሳይነሣ ከአምስት እጅ አንዱ ሄዷል። ክስ ከማሰብ በፊት ወረቀት ማንበብ ይሻላል።

ትርሲት
ብሩቶና ኔቶ እንደሚለያዩ አውቃለሁ፤ ቋንቋውን እስከ ቢ 2 ደረጃ ተምሬያለሁ። የፊሊፒንሷ ልጅ ብሩቶም እኮ 2,800 ነው! እርሷም መድን ትከፍላለች። ጥያቄዬ ስለ ልዩነቱ ነው።

ራሔል ኤም
ይኼ ግልጽ አድልዎ ነው። እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም። ነገውኑ ልቀቂላቸው፤ ነርስ ጠፍቶ አገሩ እየጮኸ ነው፣ ሥራ አታጪም።

ኪዳኔ
ራሔል፣ እባክሽ በሰው ሕይወት አትፍረጂ። የሙያ ፈቃድ በሚጠብቁበት ጊዜ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ብዙ ጊዜ የአሠሪው ስም ይጻፋል። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሳይፈቅድላት ብትወጣ ፈቃዷ አደጋ ላይ ነው። ያም ብቻ አይደለም፤ የቋንቋ ትምህርቱንና የጉዞውን ወጪ አሠሪው ሸፍኖ ከሆነ ውሉ ውስጥ «ከወጣሽ ትመልሻለሽ» የሚል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። ትርሲት፣ ምንም ነገር እንዳትፈርሚ፣ ምንም ነገር እንዳትለቂ።

ጋሽ መኰንን
ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር የገባሁት በደርግ ዘመን ነው። ሆስፒታል ወለል ጠርጌያለሁ፣ ሌሊት ሬሳ ገፍቻለሁ፤ ያን ጊዜ እንዲህ እንደ አሁኑ ማታ ጠይቆ ማታ መልስ ማግኘት የለም። የዛሬ ልጆች ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ስለ ጠበቃ ትጠይቃላችሁ። ያንቺ ዋና ጉዳይ ደመወዙ አይደለም፤ የሙያ ፈቃዱ ፈተና ነው። የዕውቀት መመዘኛው የቃልም የተግባርም ክፍል አለው፤ የወደቁበትን ክፍል የሚደግሙትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእኔ የወንድም ልጅ በሙያው አንደኛ ነበረ፤ የጣሉት ሕመምተኛው አጠገብ ቆሞ የሚሠራውን በቃል እያስረዳ ስላልሠራ ነው። እኛ አገር እጅ ይሠራል፣ አፍ ዝም ይላል፤ እነዚህ ደግሞ ያልተነገረ ነገር አልተሠራም ይላሉ። በርትተሽ አጥኚ። ገንዘብ ይመጣል።

ያዕቆብ
ጋሽ መኰንን፣ ምክርዎ ወርቅ ነው፤ ግን ኪራይ በምክር አይከፈልም።

ጋሽ መኰንን
አንተ ልጅ፣ የሰው ኪራይ ያሳስብህ ከሆነ ክፈልላት።

ሚና ነኝ
ትርሲት፣ እኔ በደመወዝ ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ደመወዙን የሚዘረዝረውን ወረቀት አውጪ። ፎቶ እንዳታነሺው፣ እዚህም እንዳትለጥፊው። ከላይ በኩል ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። «ሽቶየርክላሰ» (የግብር ክፍል) በሚለው ሥር ያለው ቁጥር ስንት ነው? «የግብር መለያ ቁጥር» በሚለው ሥር 11 አኃዝ አለ ወይስ ባዶ ነው? «ኮንፌሲዮን» (ሃይማኖት) የሚል ካለስ ምን ተጽፎበታል? ሦስቱን ብቻ ንገሪኝ።

ትርሲት
ክላሰ 6 ይላል። 6 ከፍተኛው ነው አይደል? ነርስ ስለሆንኩ ይሆን? መለያ ቁጥሩ ቦታ ላይ ምንም የለም። በመጨረሻው ላይ «ኤፋው» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ።

ሚና ነኝ
ተገኘ። 6 ማዕረግ አይደለም፤ ቅጣት በይው። ክፍል 6 ሁለተኛ ሥራ ለያዘ ሰው ወይም ግብር ከፋይነቱ ላልታወቀ ሰው ነው፤ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ ይቆርጣል። ባንቺ ብሩቶ፣ አንቺ በሚገባሽ በክፍል 1 ግብሩ በወር ከ260 ዩሮ ብዙም አይርቅም፤ በክፍል 6 ከ600 ያልፋል። የፊሊፒንሷ ልጅ ቁጥሯን ሰጥታለች፣ አንቺ አልሰጠሽም። አሠሪዎችሽ አልበሉሽም፤ ቁጥር የሌለውን ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ራሱ 6 ላይ ይጥለዋል። አስተዳደሩ ቁጥሩን አልጠየቀሽም?

ትርሲት
ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። «በፖስታ ይመጣልሻል» ብለውኝ ነበር፤ አልመጣም ብዬ ተውኩት። ከደመወዜ ጋር እንደሚገናኝ ማን ነገረኝ! በመጣሁ በአምስተኛው ቀን የነዋሪነት ምዝገባዬን ጨርሻለሁ፤ የቤት ሰጪዋን ፊርማ ሁሉ ይዤ ነው የሄድኩት። አሁን ሳስበው የጤና መድን ካርዴም አልደረሰኝም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ብዬ ነበር።

ቢኒያም 21
የግብር ቁጥርሽን ስጪያቸው፤ በሚቀጥለው ወር ይስተካከላል።

ያዕቆብ
ቢኒያም፣ ቁጥሩ ስለሌላት እኮ ነው ሁላችንም እዚህ ያመሸነው።

ኪዳኔ
የነዋሪነት ምዝገባ ከተደረገ ቁጥሩ በራሱ ጊዜ ከፌዴራሉ የግብር ማዕከላዊ ቢሮ በደብዳቤ ይላካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። የመድን ካርዱም ቀርቷል ካልሽ ደብዳቤው ተልኳል፣ አንቺ ጋር አልደረሰም ማለት ነው። የፖስታ ሣጥኑ ላይ ስምሽ አለ?

ትርሲት
አለ! ቤቱ የአንዲት አገር ቤት እናት ነው፤ አንድ ክፍል አከራይተውኛል። ሣጥኑ ላይ የእርሳቸው ስም ነበረ፤ እኔ ከሥሩ በቁስል ፕላስተር ላይ ስሜን ጽፌ ለጥፌያለሁ፣ የመጣሁ ዕለት። ዛሬም አልተነቀለም፤ የዚህ አገር ፕላስተር የሚደነቅ ነው።

እትዬ አልማዝ ከሽቱትጋርት
የኔ ልጅ፣ የማንን ስም ነው የጻፍሽው?

ትርሲት
የራሴን፤ ስሜንና የአባቴን ስም። የማንን ልጽፍ ኖሯል?

እትዬ አልማዝ ከሽቱትጋርት
ፓስፖርትሽን አውጪና «የቤተሰብ ስም» የሚለውን እዪ። የአያትሽ ስም ነው አይደል? ለጀርመን አንቺ ትርሲት አይደለሽም፤ የአባትሽም ልጅ አይደለሽም። አንቺ «ፍራው» (ወይዘሮ)፣ ከዚያ የአያትሽ ስም ነሽ። ደብዳቤው ላይ በጉልህ የሚጻፈው እርሱ ነው። ፖስተኛው መቶ ሣጥን በአንድ እጁ እየዳሰሰ የሚያልፍ ሰው ነው፤ የሚፈልገው የቤተሰብ ስም ካላገኘ «ተቀባዩ አይታወቅም» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ በዚሁ ምክንያት የልጄን የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ አጥቻለሁ፤ ደብዳቤው ሦስት ጊዜ ተመልሷል። አያቴን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ በርሊን ግን ሦስት ቢሮ ያውቀው ነበር።

ትርሲት
ኧረ ጉድ! በሥራ ቦታም በአያቴ ስም ሲጠሩኝ አልዞርም ነበር፤ ኃላፊዋ የመስማት ችግር አለብሽ ወይ ብላ ጠይቃኛለች።

ያዕቆብ
አያትሽ በሕይወት ሳሉ ግብር አልከፍልም ብለው ኖረው ይሆን? ይኼው በልጅ ልጃቸው ደረሱባቸው።

ዳዊት ቲ
ባለትዳር ከሆንሽ ክፍል 3 እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፤ ከ1 ይሻላል።

ሚና ነኝ
ዳዊት፣ ባለቤቷ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ክፍል 3 አይሰጥም፤ ሁለቱም እዚህ መኖር አለባቸው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላለ የትዳር ጓደኛ አይሠራም። ሰው አታሳስት።

ትርሲት፣ ነገ እንዲህ አድርጊ። ክስ የሚለውን ቃል አታንሺ። የነዋሪነት ምዝገባ ማረጋገጫሽን ይዘሽ ወደ አስተዳደሩ ግቢ። ቁጥሩ የዘገየው በአንቺ ጥፋት ካልሆነ አሠሪው እስከ ሦስት ወር ድረስ በሚገመተው ክፍል፣ ማለትም ባንቺ ሁኔታ በ1፣ እንዲያሰላ ሕጉ ይፈቅድለታል። ብዙ የሂሳብ ክፍሎች ይህን አያውቁም ወይም አይደክሙበትም፤ በትሕትና አስታውሻቸው። ቁጥሩ ሲገኝ ደግሞ ያለፈውን ወር አስተካክለው ልዩነቱን ከሚቀጥለው ደመወዝ ጋር ይከፍሉሻል። እነርሱ ባያደርጉት እንኳ ገንዘቡ አይጠፋም፤ ዓመቱ ሲያልቅ በግብር ማሳወቂያ ትጠይቂዋለሽ፣ ለዚያውም አራት ዓመት ጊዜ አለሽ።

ትርሲት
ጥፋቱ የእኔ ነው ይባላል እንዴ? ስሜን ነው የጻፍኩት።

ስንታየሁ ዘፍራንክፈርት
በእውነቱ ከሆነ ያንቺ ነው። ሰው አገር ሲገባ የአገሩን ደንብ መጠየቅ አለበት። አሠሪሽን ሌባ ለማለት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብሽም፤ ለፖስታ ሣጥኑ ሁለት ወር ፈጀ።

እትዬ አልማዝ ከሽቱትጋርት
ስንታየሁ፣ አንተ ስትመጣ ማን እንደተቀበለህ እኔ አውቃለሁ። ተው።

ኪዳኔ
ቁጥሩን በፍጥነት ለማግኘት፦ ማዕከላዊው ቢሮ በስልክም በኢሜይልም አይናገርም፤ በድረ ገጹ ቅጽ ከሞላሽ እንደገና በደብዳቤ ይልክልሻል፤ እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እኔ ግን በምኖርበት ከተማ ፓስፖርቴንና የምዝገባ ወረቀቴን ይዤ ወደ ፊናንስአምት (የአካባቢው የግብር ቢሮ) በአካል ሄጄ እዚያው መስኮት ላይ አትመው ሰጡኝ። ከተማው ይለያይ ይሆናል፤ ቢሆንም ከፈረቃሽ በኋላ ሞክሪ። ቅጹንም ዛሬ ማታ ሙዪ። ከሁሉ በፊት ግን ፕላስተሩን ቀይሪ፤ አለበለዚያ ሁለተኛውም ደብዳቤ ይመለሳል። በር ደወሉም ላይ ጻፊ። የጤና መድኑ ጋር ደውለሽ ካርዱ ድጋሚ እንዲላክ ጠይቂ።

ሚና ነኝ
ስለ «ኤፋው» ረስቼ። ትርሲት፣ ስትመዘገቢ ሃይማኖትሽን ምን አልሽ?

ትርሲት
«ኤቫንጌሊሽ» (ወንጌላዊት) አልኩ። መካነ ኢየሱስ ነኝ። ልዋሽ?

ሚና ነኝ
መዋሸት የለብሽም። ግን በጀርመን ያ ቃል፣ በአጭሩ «ኤፋው»፣ ሲመዘገብ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከተለዋል፤ በአንቺ ክፍለ ሀገር ከገቢ ግብርሽ ላይ 9 በመቶ ነው፣ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8። ግብርሽ 600 ሲሆን ከ50 ዩሮ በላይ የሄደው ወደዚያ ነው። ከ1,530ው ላይ ይህም አለበት።

ወንድም ሳሙኤል
ይህን ነገር ለሁሉም መንገር ያስፈልጋል! የእኛ የጴንጤ ልጆች ሁሉ «ወንጌላዊ ነኝ» ለማለት «ኤቫንጌሊሽ» ይላሉ፤ ሳያውቁት ረግጠዋት ለማያውቋት ቤተ ክርስቲያን ይከፍላሉ። የአገራችን ኦርቶዶክሶች ይህ ግብር የለባቸውም።

ኪዳኔ
ጴንጤ ሌላ፣ መካነ ኢየሱስ ሌላ። መካነ ኢየሱስ ሉተራን ናት፤ የጀርመኗም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከውጭ የመጣ ወንጌላዊ ሲመዘገብ እንደ አባል ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ መክፈል ካልፈለገች ግን በአካባቢዋ በሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ቀርባ መውጣት ትችላለች።

ወንድም ሳሙኤል
ከቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ቢሮ መውጣት! እናቷ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች?

ያዕቆብ
እናቷ በመጀመሪያ የአያትየውን ጉዳይ ይስሙ።

ጋሽ መኰንን
ለእናት ስለ መላክ ከተነሣ፦ ለእናትና ለአባት የምትልኪውን ቀሪ ገንዘብ በሰው እጅ አትላኪው። ችግረኛ ወላጅ መርዳት ከግብር ይቀነሳል፤ ከፈረንጆቹ 2025 ጀምሮ ግን በባንክ ወደ ተረጂው ሂሳብ ካልገባ አይቀበሉም። እኔ ለዓመታት በሻንጣ ልኬ አንዲት ሳንቲም አላስቀነስኩም። በሻንጣ ሲላክ ምንዛሬው ጥሩ ነበረ፣ እርሱስ እውነት ነው።

ትርሲት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ታች ወርጄ ቀይሬዋለሁ። እማማ በመስኮት አይተውኝ «በዚህ ሌሊት ምን ትለጥፊያለሽ?» አሉኝ። የአያቴን ስም በትልቁ፣ የእኔን ከሥሩ ጻፍኩ። የላቲኑን ፊደል አያያዝ ከፓስፖርቱ ነው የገለበጥኩት፤ አንዷ «ኤች» ከስፍራዋ ብትወጣ ሌላ ሰው እንዳልሆን ፈርቼ። ነገ ከፈረቃ በኋላ ፊናንስአምት ሄጄ የሚሉኝን እጽፍላችኋለሁ። ጋሽ መኰንን፣ እየሠሩ ስለ መናገሩ የነገሩኝን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ ከነገ ጀምሮ እለማመዳለሁ።

ቢኒያም 21
የግብር ቁጥርሽን ብቻ ስጪያቸው።

ስንታየሁ ዘፍራንክፈርት
ትርሲት፣ ኪራዩ ካልሞላልሽ በግል ጻፊልኝ። ሳምንት ልትቆዪበት የምትችይው ነገር አለኝ።

ኪዳኔ (ከአሥር ቀን በኋላ)
ትርሲት፣ ምን አሉሽ? ካሰል በአካል ይሰጣሉ?

ሚና ነኝ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ትርሲት? የሁለተኛው ወር ደመወዝ ገብቶ መሆን አለበት።

አዲስ ሰው፣ ኤርፉርት (ከአራት ወር በኋላ)
ሰላም፤ ይህን አሮጌ ጥያቄ ሳገኘው እንባዬ መጣ። ትናንት ክፍል 6 የሚል ወረቀት ደረሰኝ። እኔ ደግሞ በፓስፖርቴ የቤተሰብ ስም ሆኖ የገባው የአባቴ ስም ነው፤ በዲፕሎማዬ ላይ ግን አያቴም አለ፤ የሙያ ፈቃድ ቢሮው የሚጽፍልኝ በሦስቱም ነው። ሣጥኑ ላይ ሦስቱን ልጻፍ? ቦታው ጠባብ ነው።

እትዬ አልማዝ ከሽቱትጋርት
ሦስቱንም ጻፊ የኔ ልጅ። ካልበቃሽ ወደ ጎን አዙሪው።