አፖሎን ያን ሁሉ ሰው ይዘው እንዴት በጊዜው አደረሱት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አፖሎ ላይ (የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሰው ጨረቃ ላይ ያሳረፈበት ፕሮግራም) ወደ 400,000 ሰው ሠርቷል ይባላል። የ12 ሰው ፕሮጀክት እንኳ ያስጨንቃል፤ እንዴት ተቻለ?

መልስ፦
የናሳ የሰው በረራዎች ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ሙለር ሳይነሳ አይሆንም። በ1963 (እ.ኤ.አ.) ናሳ ሲገባ የሮኬት መሐንዲሶቹ የእነ ቮን ብራውን ልማድ ሮኬቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ መሞከር ነበር፤ እሱ ግን እንዲህ ከሄድን አንደርስም ብሎ ሁሉም ክፍል ተገጣጥሞ በአንዴ እንዲሞከር ወሰነ። የጨረቃው ሮኬት ሳተርን 5 በኖቬምበር 1967 ገና በመጀመሪያ በረራው ተሳካ! እስካሁን ይገርመኛል።

ሌላ መልስ፦
የአፖሎ ፕሮግራም ዳይሬክተር የነበረው ጄኔራል ሳሙኤል ፊሊፕስም አይረሳ። ቀድሞ ከመራው የሚኒትማን ሚሳኤል ፕሮጀክት ጥብቅ አሠራር ይዞ መጣ፤ የዲዛይን ለውጥ ወጪው፣ ክብደቱና ጊዜው ታይቶ በቦርድ ካልጸደቀ አይደረግም። አሰልቺ ነው፣ ግን አንዱ የቀየረውን ሌላው ካላወቀ ዕቃው አይገጥምም።

ጠያቂ፦
ገባኝ! እኛ ጋ ለውጥ በስልክ ነው የሚነገረው። ከሰኞ ጀምሮ በጽሑፍ ይሆናል።