የገርቢና የግራር ችግኝ ሥር ላይ እባጭ የለም፤ ባክቴሪያውን ከየት እናምጣው?

የሐርቡ ችግኝ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። በቃሉና በባቲ ቆላ ለሐምሌ ተከላ ስለሚደርስ ችግኝ ምክር ፈልጌ ነው። በመጋቢት መጀመሪያ በቱቦ የተዘራው ገርቢ፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው የቆላ ግራርና ሉኪና ስምንት ሳምንት ሆኗቸዋል። ቅጠላቸው ገርጥቷል፤ መገርጣት የሚጀምረውም ከታች ነው። ከየዓይነቱ አምስት አምስት ችግኝ ሥሩ ታጥቦ ሲታይ ገርቢውና ሉኪናው ላይ አንድም እባጭ፣ ማለትም ከአየር ናይትሮጅን የሚይዘው ባክቴሪያ የሚያድርበት እብጠት፣ የለም። ግራሩ ላይ ሰናፍጭ የሚያካክሉ ሁለት ሦስት ነጫጭ ፍሬዎች አሉ። ድብልቁ ለመንገድ ሥራ ከተቆረጠ ገደል የመጣ አፈር ሦስት እጅ፣ የበሰለ ፍግ ሁለት እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ ነው።

ለባቄላና ለሽምብራ የሚሸጠው ባለ 125 ግራም ሕያው ማዳበሪያ (ባክቴሪያ ያለበት ፓኬት) ለእነዚህ ይሆናል ወይ? ካልሆነ ከትልቅ ዛፍ ሥር አፈር አምጥቶ መቀላቀል ይቻላል ይባላል፤ ስንት፣ ከየት፣ እንዴት? ደግሞስ ዛፉ ካደገ በኋላ ከሥሩ ለሚዘራው ማሽላ ናይትሮጅን ይሰጣል የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው? እህታችሁ ነኝ።

አፈርና ሥር፦
ወአለይኩም ሰላም እህቴ። አብሽሪ፣ እስከ ሐምሌ የሚስተካከል ነገር ነው።

መጀመሪያ ቢጫውን እንለየው። ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ጀምሮ ቅጠሉን እኩል የሚያገረጣው የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ ተክሉ ካረጀው ቅጠል ናይትሮጅኑን እያነሳ ለአዲሱ ስለሚሰጥ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ብረት አላገኘም ማለት ነው። ይህ ኖራ በበዛበት አፈርና ውኃ በተኛበት ቱቦ ያጋጥማል፣ ባክቴሪያም አያድነውም። የአንቺ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከገደል የተቆረጠው አፈር ላይ ነው። እባጩን የሚሠሩት ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ የሚበዙት የዘመድ ዛፍ ወይም የጥራጥሬ ሥር ባለበት አፈር ውስጥ ነው። ጥልቀት በራሱ ጠላታቸው አይደለም። ሴኔጋል ውስጥ በገርቢ ሥር ብራዲራይዞቢየም የሚባለው ወገን 34 ሜትር ድረስ ወርዶ ተገኝቷል፣ የገርቢ ሥር እዚያ ድረስ ስለሚደርስ። ሥር ያልነካው አፈር ግን ባዶ ቤት ነው። ፍጉም ይህን ባክቴሪያ ይዞ አይመጣም።

የፓኬቱን ነገር በአጭሩ፦ አይሆንም። የባቄላው ለባቄላ፣ ለአተርና ለምስር ነው፤ የሽምብራው ለሽምብራ ነው። ገርቢ በብዛት የሚስማማው ከብራዲራይዞቢየም ጋር ነው፤ የቆላ ግራርና ሉኪና የራሳቸው ወገኖች አሏቸው። የማይስማማው ባክቴሪያ ችግኙን አይጎዳም፤ ገንዘብና አንድ ወር ግን ይበላል። ለአገር በቀል ግራር ባክቴሪያው በአገሩ አፈር ሞልቷል፣ የሚፈለገው ወደ ቱቦው ማድረስ ብቻ ነው። ሉኪና እንግዳ ዛፍ ስለሆነ ከቆየ የሉኪና አጥር ሥር ካልሆነ በቀር ላታገኚለት ትችያለሽ።

አዲስ ድብልቅ የሚያዘጋጅ ሰው ከአሥር እጅ አንዱን የዛፍ ሥር አፈር ያድርግ። ግማሽ ሊትር ለሚይዝ ቱቦ፣ ለ1000 ችግኝ 500 ሊትር ድብልቅ ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ 50 ሊትሩ፣ ማለትም ሁለት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የዛፍ ሥር አፈር ይሆናል። የገርቢ አፈር ለገርቢ፣ የግራር ለግራር። ቅጠሉ ለምለም ከሆነ፣ ካልታመመ ዛፍ ጥላ ሥር የላዩን ደረቅ አፈር ጥረጊና ከ5 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያለውን ከቀጫጭን ሥሩ ጋር ውሰጂ። እርጥብ ጆንያ ውስጥ፣ ጥላ ላይ ይቀመጥ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ይቀላቀል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የዋለ አፈር ዋጋ የለውም።

የአንቺ ግን አንዴ ተዘርቷል፣ ስለዚህ በውኃ ነው የሚገባው። በልጉ ደህና ጥሎ ከሆነ በቦርከና ዳርና በየወንዙ ዳርቻ ከእናት ዛፍ ሥር ራሱ የበቀለ ቡቃያ ፈልጊ። በአካፋ ከነአፈሩ አንሺው፣ ጎትተሽ አትንቀይው፤ እባጩ ተቆርጦ መሬት ውስጥ ይቀራል። ሥሩን ባልዲ ውኃ ውስጥ አራግፊና አንዱን እባጭ በጥፍርሽ ሰንጥቂው። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቅላቱ ሌግሄሞግሎቢን ከሚባል፣ እንደ ደም ብረት ካዘለ ፕሮቲን ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና ነው ወይ የማይረባ ባክቴሪያ ይዟል፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። የግራርሽን ነጫጭ ፍሬዎች በዚሁ መንገድ ፈትሻቸው።

ቀያዮቹን 50 ያህል ልቀሚ፣ በንጹሕ ውኃ እጠቢ፣ በሙቀጫ ፍጪና በ10 ሊትር ውኃ በጥብጪ። በነጠላ ጨርቅ አጥልለሽ ለእያንዳንዱ ችግኝ 10 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ግንዱ ሥር አፍስሺ። 10 ሊትሩ 1000 ችግኝ ያዳርሳል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክፍት ባልዲ ላይ አንድ ቀን አሳድሪው። ሥራው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁን፣ ከዚያ ወዲያው ቀለል ያለ ውኃ አጠጪ። ቀይ እባጭ ካላገኘሽ አንድ ኪሎ የዛፍ ሥር አፈር በ10 ሊትር በጥብጠሽ ያንኑ አድርጊ።

የተራራው ጥላ፦
ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ከእያንዳንዱ ባልዲ ውኃ ላይ አንድ እፍኝ ዩሪያ ጨምሮ ማጠጣት ነው። በሳምንቱ አረንጓዴ ይሆናል።

አፈርና ሥር፦
ወንድሜ፣ አረንጓዴ መሆኑማ ይሆናል፤ ጉዳቱም እዚያው ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ካገኘ ለባክቴሪያው በሩን ይዘጋል፤ ስኳር እየከፈለ የሚያገኘውን በነፃ ሲያገኘው ለምን ይከፍላል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ አንድ እፍኝ ደግሞ ለባልዲ ውኃ ቡቃያን ለማቃጠል ይበቃል። ችግኙ ሐምሌ ላይ ወፍራምና ለምለም ሆኖ፣ ሥሩ ግን ባዶ ሆኖ ተራራ ይወጣል፤ የተራቆተው ተራራ ላይ ዩሪያ የሚሰጠው የለም፣ መስከረም ላይ ይገረጣል። ፍግ ሲበዛም ተመሳሳይ ነው፣ ከሁለት እጅ አይለፍ።

መጨመር ካለበት ፎስፈረስ ነው። ባክቴሪያው አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ከአየር ለመስበር በትንሹ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም ሕዋስ ጉልበት የሚይዝበት ሞለኪውል፣ ያወጣል፤ ኤቲፒ ደግሞ ያለ ፎስፈረስ አይሠራም። ከገደል የተቆረጠ አፈር በፎስፈረስ ድሃ ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ካለ 19 በመቶ ናይትሮጅንና 38 በመቶ ፎስፌት ስላለው ለአንድ ሜትር ኩብ ድብልቅ ከግማሽ ኪሎ እንዳይበልጥ፤ ከመዝራት በፊት በደንብ ይታሽ። ኖራማ በሆነው የቆላ አፈር ፎስፈረሱን ካልሲየም ስለሚይዘው ባሲለስና ፕሲዶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመነጩ የተወሰነውን ያስለቅቁታል። እነሱ የሚኖሩት ደግሞ የበሰበሰ ቅጠል ባለበት ነው።

የማሽላ ማሳ፦
ሦስተኛዋን ጥያቄ ልውሰድ። ገርቢ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ ነው፤ ማሽላው ፀሐይ ሲፈልግ አይጋርደውም፣ የእርጥበትም ሽሚያ ይቀንሳል። በሐረርጌ ደጋማ ማሳዎች ተጠንቶ በ1986 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራ በገርቢ ጥላ ሥር የተዘራው በቆሎና ማሽላ በአማካይ 56 በመቶ ብልጫ አሳይቷል። ይህ ሁሉ የባክቴሪያው ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ጥላው ሥር ከብት ያርፋል፣ እበቱን ይጥላል፤ ዛፉ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ይይዛል፤ ሥሩ ከታች ያለውን ማዕድን ወደ ቅጠል ያወጣል፤ ቅጠሉ ይረግፋል።

ባክቴሪያው የሰበሰበው ናይትሮጅን በቀጥታ ከዛፍ ሥር ወደ ማሽላ ሥር አይፈስም፣ ቢፈስም ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ቅጠል፣ ቀንበጥና ፍሬ ሆኖ ላይ ይቀመጣል። ወደ አፈር የሚመለሰው ቅጠሉ ረግፎ፣ ቀጭኑ ሥርና እባጩ ሞቶ ሲበሰብስ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉ ለማገዶና ለአጥር ተመልምሎ ከሄደ፣ ፍሬው ተለቅሞ ለከብት ከተሸጠ፣ ናይትሮጅኑም አብሮ ከማሳው ወጥቷል። ፍሬውን ለበግ መስጠት ምንም ክፉ አይደለም፣ ፍጉ ተመልሶ ማሳው ላይ ከተበተነ። ሲመለመልም ከአናቱ ሲሶውን ብቻ መቁረጥና ቅጠላማውን ቀንበጥ እዚያው መተው ይበጃል፤ እንጨቱን ውሰዱ።

ማሳ ላይ ሲተከል በ10 ሜትር በ10 ሜትር ቢሆን በሄክታር 100፣ በጥማድ 25 ዛፍ ይወጣል። ሲያድግ እየሳሳ ይሄዳል።

ሌላ መታወቅ ያለበት፦ ፍሬው ቆባ የሆነ ዛፍ ሁሉ እባጭ አይሠራም። ሁመርና የድሬዳዋ ዛፍ ከዚሁ ወገን ናቸው፣ እባጭ ግን የላቸውም፤ እዚያ ላይ መፈለግ ልፋት ነው። ቁርቁራም የለውም። ሸውሸዌ በተቃራኒው የጥራጥሬ ዘመድ ሳይሆን ፍራንኪያ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር እባጭ ይሠራል። ለሸውሸዌ ችግኝ የግራር ሥር አፈር ቢሞላ ዋጋ የለውም፤ ከአሮጌ ሸውሸዌ ሥር ነው መምጣት ያለበት።

የሐርቡ ችግኝ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይረን፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከዛፍ ሥር አፈር ሲመጣ በሽታም አብሮ አይመጣም? ሌላው፣ ገርቢው ዋና ሥሩ ቱቦውን በስቶ መሬት ገብቷል፤ ባክቴሪያው ከመሰጠቱ በፊት ይቆረጥ ወይስ በኋላ?

አፈርና ሥር፦
ይመጣል፣ ለዚህ ነው ከአሥር አንድ እጅ የተባለው፤ ሙሉ ቱቦ በዛፍ ሥር አፈር መሙላት አይመከርም። ዋናው ፍርሃት ኔማቶድ የሚባለው ዓይን የማያየው የሥር ትል ነው። እሱም ሥሩን ያሳብጣል፣ ብዙ ሰውም እባጭ መስሎት ይደሰታል። ልዩነቱ በጣት ይታወቃል። የባክቴሪያው እባጭ ከሥሩ ጎን እንደ ዶቃ ተለጥፎ ነው የሚገኘው፤ በጥፍር ብትገፊው ሥሩ ሳይበጠስ ይነቀላል። የኔማቶዱ ግን ሥሩ ራሱ ወፍሮ እንደ ተቋጠረ ገመድ ይሆናል፤ ልትነቅይው ብትሞክሪ ሥሩ አብሮ ይበጠሳል። አፈሩን ከምትወስጂበት ቦታ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ይለማበት ከነበረ ተዪው። አፈሩን በመቀቀል ወይም በፀሐይ በማብሰል ትሉን ለመግደል የሚሞክሩ አሉ፤ ባክቴሪያውም አብሮ ያልቃል። የፈንገስ መድኃኒትም ከባክቴሪያው ጋር በአንድ ቀን አይነካካ፣ መዳብ ያለበት በተለይ።

ሥር ቆረጣው ይቅደም። ቱቦውን አንስተሽ ከታች የወጣውን በስለት ቁረጪ፣ በደንብ አጠጪና ለሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። አዲስ ቀጭን ሥር ማውጣት ሲጀምር ባክቴሪያውን ስጪው፤ የሚገባው በአዲስ ሥር ፀጉር በኩል ነው፣ ያረጀ ሥር አይከፍትለትም። ከዚያ ቆረጣው በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይቀጥል፣ የመጨረሻው ከተከላው ሁለት ሳምንት በፊት ይሁን።

የማሽላ ማሳ፦
ሙቀቱን ችላ አትበሉት። የሐርቡ ግንቦት ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ከመታው የቱቦው አፈር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ባክቴሪያውም ይዳከማል ወይም ይሞታል። ዳሱ እስከ ሰኔ አጋማሽ ሳይነሳ፣ በዳር ያሉት ቱቦዎች በአፈር ወይም በሣር ይከለሉ። ዳር ያለው ረድፍ ብቻ ቢጫ ሲሆን መንስኤው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ተራራው ላይ ሲደርስ ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከላይ የወጣው ጥቁሩ አፈር ተለይቶ ወደ ሥሩ ይመለስ፤ ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውለቅ። ከንክኪ ነፃ በተደረገ ቦታ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ማልበስ አፈሩን ያቀዘቅዛል።

የሐርቡ ችግኝ፦
የተሰጠው ባክቴሪያ መያዝ አለመያዙን መቼ ልፈትሽ?

አፈርና ሥር፦
ከሰጠሽ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኔ አጋማሽ አካባቢ ይሆናል። ከየአልጋው መሐል አምስት፣ ከዳር አምስት ችግኝ ሰውተሽ እጠቢ። ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ቀይ እባጭ ካላቸው ተሳክቷል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ድጋሚ አጠጪ፣ ጊዜ አለሽ። ተከላ ላይ ያለውን ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መሬቱ እርጥብ እያለ እይው። ጥር ላይ ቆፍሮ ባዶ ሥር አይቶ ሞተ ማለት አይገባም፤ ሲደርቅ እባጩ ይረግፋል፣ ዝናብ ሲመጣ ከአዲሱ ሥር ጋር እንደገና ይሠራል።