ታኮ ቤት ገብቶ በአግባቡ ማዘዝ እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «ሹካ ጠያቂው»

ጤና ይስጥልኝ። በምኖርበት ሰፈር አንዲት ትንሽ የሜክሲኮ ታኮ ቤት ተከፍታለች (ታኮ ማለት ቶርቲያ በሚባል ስስ ቂጣ ላይ ሥጋ ተደርጎ፣ ታጥፎ በእጅ የሚበላ ምግብ ነው)፤ ያላት አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ ሰፊ የብረት ምጣድና ከምጣዱ አጠገብ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከር የሥጋ ዘንግ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ገብተን፣ በምግብ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስሞች ስላልገቡን፣ ርቦንም ስለነበር፣ ከየዓይነቱ በድምሩ ዐሥር ታኮ በአንድ ጊዜ አዘዝን። አራተኛው ላይ ስንደርስ የቀሩት ቀዝቅዘውና ረጥበው ከሥራቸው ይቀደዱ ጀመር፤ ሥጋው ሳህኑ ላይ ሲዘረገፍብኝ ሹካ ጠየቅሁ። ሹካውን ያመጣልኝ ልጅ ምንም አልተናገረም፤ ፈገግታው ግን አንድ ነገር እንዳበላሸሁ በደንብ አስረድቶኛል። በዚያ ላይ ብርቱካናማውን ሳልሳ፣ ማለትም የቃሪያ ማባያ፣ እንደ ተራ የቲማቲም ስጎ ቆጥሬ በማንኪያ ስላፈሰስሁት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ታኮዎች ጣዕማቸውን ሳላውቅ ነው የዋጥኋቸው።

ለመሆኑ ስንት ማዘዝ ይገባ ነበር? አንዱ ታኮ በሁለት ቶርቲያ ተደርቦ የሚቀርበውስ ለምንድን ነው? አንድ ታኮ ቤት ጥሩ መሆን አለመሆኑንስ በምን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ «ከምጣዱ ዳር»

ሜክሲኮ ሲቲ ሁለት ዓመት ስለኖርሁ ያየሁትን ልንገርዎ። ያበላሹት ነገር ቢኖር ዐሥሩን በአንድ ጊዜ ማዘዝዎ ብቻ ነው። ታኮ ከምጣድ ከወረደ በኋላ ዕድሜው በደቂቃዎች የሚቆጠር ምግብ ነው፤ የሥጋው ጭማቂና የሳልሳው እርጥበት ቶርቲያውን ወዲያው ማላላት ይጀምራሉ። በዚያ አገር ሰው ሁለት ወይም ሦስት ያዝዛል፣ በትኩሱ ይበላል፣ ካልጠገበ ደግሞ ተመልሶ ይጠይቃል። ብዙ ቦታ ሒሳቡ የሚከፈለው በመጨረሻ ሲሆን፣ ታኮ ሠሪው «ስንት በሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ተመጋቢው ራሱ ቆጥሮ ይናገራል። የመንገድ ዳር ቤቶች ሳህኑን በስስ ላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ስለሚያቀርቡ፣ አንዱ በልቶ ሲነሣ ላስቲኩ ተገፍፎ ሌላ ይለበስለታል እንጂ ሳህኑ አይታጠብም። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በሳምንቱ ለመድሁት።

ሁለተኛው ቶርቲያ የሚደረበው ቶርቲያዎቹ ትንንሽና ስስ ስለሆኑ ነው፤ የላይኛው ቢቀደድ የታችኛው ይይዛል። አንዳንዶች ደግሞ የተረፈውን ሥጋ በታችኛው ጠቅልለው አንድ ተጨማሪ ታኮ ያወጡበታል። ሜክሲኮዎች ይህን «ኮን ኮፒያ» ይሉታል፤ ከነግልባጩ እንደ ማለት ነው። ሠሪው «ኮን ቶዶ?» ብሎ ከጠየቀዎት ደግሞ፣ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ይጨመርበት ወይ ማለቱ ነው።

ስሞቹን በተመለከተ ሱዋዴሮ ከበሬው ሆድና ከእግሩ መካከል የሚወጣ ስስ ሥጋ ሲሆን በስብ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሌንጓ ምላስ፣ ካቤሳ የራስ ሥጋ፣ ትሪፓ አንጀት ነው። ካርኒታስ የሚቾአካን ግዛት የሚታወቅበት፣ በራሱ ስብ የበሰለ የአሳማ ሥጋ ነው። ያ የሚሽከረከረው ዘንግ ትሮምፖ ይባላል፤ ከእሱ እየተቆረጠ የሚወርደው አል ፓስቶርም የአሳማ ሥጋ ስለሆነ፣ አሳማ የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ እንዳያዝዝ። ዘዴው ከሊባኖስና ከአካባቢው የመጡ ስደተኞች ካመጡት ሻዋርማ የተወለደ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ በጉ በአሳማ ተተካ፣ ሥጋው በደረቅ ቃሪያና አቺዮቴ በሚባል ቀይ የዛፍ ፍሬ ተለወሰ፣ ከዘንጉ አናትም አናናስ ተሰካበት። ጥሩ ሠሪ አናናሱን በቢላው ጫፍ ፈልጦ በሌላ እጁ በያዘው ታኮ ላይ ሲያሳርፈው ማየት ብቻውን ወረፋ መጠበቁን ያስረሳል።

መልስ፦ «በቆሎ ይቅደም»

ከላይ የተጻፈው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አልተሰጠም። እኔ አዲስ ታኮ ቤት ስገባ ከሥጋው በፊት የማየው ቶርቲያውን ነው። እውነተኛ የበቆሎ ቶርቲያ የሚሠራው በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ፣ እዚያው ውስጥ አድሮ፣ ልጣጩ ታጥቦ ከወጣ በኋላ እርጥቡ ተፈጭቶ ነው። እንዲህ የተዘጋጀው በቆሎ ኒሽታማል ይባላል። ኖራው ልጣጩን ከማላቀቅ አልፎ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ ያለውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ለሰውነት እንዲስማማ አድርጎ ይፈታዋል። በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ዘዴ አብሮት ስላልሄደ፣ በቆሎን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ተሠቃይተዋል። እንግዲህ ቶርቲያውን ለብቻው ቅደዱና አሽትቱት፤ የበቆሎ ሽታ ከሌለው፣ ሲታጠፍም እንደ ደረቅ ወረቀት ከተሰነጠቀ፣ በላዩ የሚጨመረው ሥጋ ምንም ቢጣፍጥ እኔ ተመልሼ አልሄድም። የስንዴ ቶርቲያ ቢያጋጥማችሁ ግን ጉድለት አይምሰላችሁ፤ ሶኖራን በመሳሰሉት የሰሜን ሜክሲኮ ግዛቶች የተለመደ ነው።

የቤቱ ማነስና የምግብ ዝርዝሩ ማጠር ደግሞ ሊያሳስባችሁ አይገባም። ሜክሲኮ ሲቲ ሳን ራፋኤል ሰፈር የሚገኘው ኤል ካሊፋ ዴ ሌዮን እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ፣ ሰው ቆሞ የሚበላበት፣ አራት ዓይነት ታኮ ብቻ የሚሸጥ ጠባብ ቤት ነው፤ እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠው የሚሽላን ኮከብ ተሰጥቶታል። ሃያ ዓይነት ታኮ የሚዘረዝር ሰፈር ቤት ነው እኔን የሚያጠራጥረኝ።

መልስ፦ «የተቃጠለ ምላስ»

እኔ ስለ ሳልሳው ብቻ እናገራለሁ፤ ብርቱካናማው ሀባኔሮ ከሚባል ኃይለኛ ቃሪያ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። የቃሪያ ማቃጠል በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ሃላፔኞ የተባለው ቃሪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ሲደርስ፣ ሀባኔሮ ከ100,000 እስከ 350,000 ይሄዳል። አረንጓዴው አብዛኛውን ጊዜ ቶማቲዮ ከሚባለው፣ በስስ ልባስ ከተሸፈነው ኮምጣጣ ፍሬ የሚሠራ ነው፤ ይሁን እንጂ በቀለሙ ብቻ አትመኑ፤ እኔን ክፉኛ የቀጣኝ አረንጓዴው ነበር። አንድ ጠብታ በቶርቲያው ጫፍ ቀምሶ ግማሽ ደቂቃ መታገሥ ይሻላል። ከተቃጠላችሁም ውኃ አይጠቅምም፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟምና። ወተት ግን ይይዘዋል። ሎሚም አትርሱ፤ ስቡ ለበዛበት ሥጋ ከሳልሳው ይልቅ እሱ ይስማማዋል።

ጠያቂው ተመልሶ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ብቻዬን ሄጄ ሁለት ሱዋዴሮ ብቻ አዘዝሁ፤ ቆሜ፣ ክርኔን ከፍ አድርጌ፣ አንገቴን ወደ ጎን ሰበር አድርጌ በላሁና ሁለት ጨመርሁ። አንዱም አልተቀደደም። ቶርቲያውን አሽትቼዋለሁ፤ በቆሎ በቆሎ ይላል፤ ልጁ ግን ከታሸገ ዱቄት እንደሚቦካ ሳይደብቅ ነገረኝ፣ ስለዚህ «በቆሎ ይቅደም» ምን እንደሚፈርዱ አላውቅም። አናናሱን በቢላ የመወርወሩን ነገርም ጠይቄው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱም ወለሉ ላይ ስላረፈ በእጁ አኖረልኝ። ብርቱካናማውን ሳልሳ ራሱ ከፊቴ አንሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰደው።