ኡቡንቱ ሲነሳ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ በራሱ ማውንት እንዲሆን (ተከፍቶ እንዲገኝ)

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 24.04 ነው የምጠቀመው። 1 ቴራባይት ዳታ ዲስኬ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ፋይል ማኔጀር ገብቼ ካልከፈትኩት አይገኝም። ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች የሚጻፉበት ፋይል) ላይ ዴቭ ኤስዲቢ1 በሚል የዲስኩ ስም አስገባሁት፤ ሠራ። ፍላሽ ተሰክቶ ሳስነሳው ግን ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ተርሚናል ብቻ የሚያሳይ) ብሎ ቆመ። የዲስኩ ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ ነው፣ ዊንዶውስም ይጠቀምበታል።

መልስ 1
ኤስዲቢ ቋሚ ስም አይደለም፤ ሲስተሙ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጠው ነው። ፍላሹ ቀድሞ ኤስዲቢ ስለሆነ ኤንቲኤፍኤስ ተብሎ ሊከፈት ተሞከረ፣ አልሆነም። አሁን ኢንተር ተጫንና በናኖ (የተርሚናል ጽሑፍ ማረሚያ) ኤፍኤስታብን ክፈት፣ እንዳይነበብ መስመሩ ፊት # አድርግ፣ ሪስታርት አድርግ። ሴቭ አላደርግም ካለህ ሩቱን (ኡቡንቱ ያለበትን ዋና ክፍል) በሪማውንት ወደ ሪድ ራይት (መጻፍ ወደሚቻልበት) ቀይረው።

መልስ 2
ወንድሜ፣ በዩዩአይዲ (የማይቀያየር የፓርቲሽን መለያ ቁጥር) አስገባው። ሱዶ ብሎክአይዲ (blkid) ብትል የፓርቲሽኑን ዩዩአይዲ ያወጣልሃል። ኤምኤንቲ ውስጥ ዳታ የሚል ፎልደር ፍጠር። መስመሩ ስድስት ቦታ አለው፦ ዩዩአይዲ ከእኩል ምልክትና ከቁጥሩ ጋር፣ የፎልደሩ አድራሻ፣ ኤንቲኤፍኤስ3 (ዲስኩን የሚከፍተው ድራይቨር)፣ ኦፕሽኖቹ፣ 0፣ 0። ኦፕሽኖቹ ዩአይዲ 1000፣ ጂአይዲ 1000 (ባለቤቱና ግሩፑ)፣ ዩማስክ 022 (የፋይሎቹ ፈቃድ) እና ኖፌይል ናቸው። በኮማ ብቻ ይለያዩ፤ ከኮማው በኋላ አንዲት ክፍት ቦታ ብትተው ቀጣዩ ቃል እንደ አምስተኛው ቦታ ይነበብና መስመሩ ይበላሻል።

ኖፌይልን በፍጹም እንዳትረሳ። ያለ እሱ ዲስኩ ከተነቀለ ሲስተሙ 90 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ይገባል።

ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ሲስተምሲቲኤል ዴሞን ሪሎድ (ኤፍኤስታብን እንደገና እንዲያነብ)፣ ቀጥሎ ሱዶ ማውንት ሰረዝ ኤ (እዚያ ያሉትን ሁሉ የሚከፍት) በል። ስህተት ካለ እዚያው ተርሚናሉ ላይ ታየዋለህ።

ጥያቄ
አመሰግናለሁ። ማውንት ሰረዝ ኤ ስል ቮልዩሙ ደርቲ (በትክክል ያልተዘጋ) ነው ብሎ እምቢ አለ።

መልስ 2
የዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ ነው። ሸትዳውን ስትለው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ዲስኩን እንደያዘ ይተኛል። ፓወር ኦፕሽንስ ገብተህ አጥፋው፣ ዲስኩን በቼክዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ) ፈትሽ፣ ከዚያ ዝጋው። መብራት ድንገት ሲሄድም ይኸው መልእክት ይመጣል፣ መፍትሔው ያው ቼክዲስክ ነው። ፎርስ የሚለውን ኦፕሽን ጨምሮ ማለፍ ይቻላል፤ ፋይልህን ግን ለአደጋ ታጋልጣለህ፣ አታድርገው።

መልስ 3
ኤክስት4 (የሊኑክስ ፎርማት) ዲስክ ያላችሁ ይህን መስመር እንዳለ አትገልብጡ። ኤክስት4 ዩአይዲና ዩማስክ የሚሉትን አይቀበልም፣ ማውንቱ ይከሽፋል። ዲፎልትስና ኖፌይል በቂ ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር 2 ይሁን። ባለቤትነቱን ማውንት ካደረጋችሁ በኋላ ቾውን በሚለው ትእዛዝ ቀይሩ።

ኖፌይል ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲስኩ ሳይከፈት ሲቀር ፎልደሩ ባዶውን እዚያው አለ። ቶሬንት ወይም ባክአፕ የሚሠራ ፕሮግራም ካለ ዝም ብሎ እዚያ ይጽፍና ዋናውን ኤስኤስዲ ይሞላዋል። ዲስኩ ባልተከፈተበት ሰዓት ፎልደሩ ላይ ሱዶ ቻትር ፕላስ አይ ብትሉ ማንም አይጽፍበትም፤ ማውንቱን ግን አይከለክልም።