ሰልፍ መሪው ክነሴት ሲገባ ለማን ነው የሚሰራው?

አወያይ፦ ሻቩዓ ቶቭ ለሁላችሁም። ባለፈው የተጀመረውን እንጨርሰው፣ ሰፈር ውስጥ ህዝብ ሲያደራጅና ሰልፍ ሲመራ የምናውቀው ሰው ክነሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ሲገባ ይጠቅመናል ወይስ ውጪ ቢቀር ይሻላል? ስድብ አይፈቀድም።

የሃደራው፦ ውጪ ይሻላል ባይ ነኝ። ጃንዋሪ 1996 እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች የሰጠነው ደም ተደብቆ እንደሚጣል በጋዜጣ ሲወጣ አዲሱ መሰለ ነው ህዝቡን ይዞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት የቆመው፣ በሺ የሚቆጠር ሰው ነበር፣ መንግስት ደንግጦ ጉዳዩን የሚያጣራ የናቮንን ኮሚቴ አቋቋመ። በዛው አመት አዲሱ በሌበር ፓርቲ ክነሴት ገባ፣ በ1999 ወጣ። ከዛስ? በ2013 ፕኒና ታማኖ ሻታ የክነሴት አባል ሆና እዛው ክነሴት ግቢ ደም ልስጥ ብትል ያንቺን አንቀበልም አሏት!! ታድያ ወንበሩ ምን ፈየደ?

እናት ከረሆቦት፦ አንተ ልጅ ቀስ በል። አባል ስለሆነች አይደል እንዴ ሀገር የተንጫጫው? ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ሸሽጎ ወደ ቤቱ ነበር። በ3 አመቷ በሱዳን በኩል የመጣች ልጅ በ2020 ሚኒስትር ሆነች፣ እኛ ያንን እናልም ነበር?

የአሽዶዱ፦ አቭርሃም ነጉሴን ለምን ትዘሉታላችሁ? ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩት ወገኖቻችን ይምጡ እያለ ስንት ዘመን የጮኸ ሰው በ2015 በኔታንያሁ ፓርቲ በሊኩድ ገባ። መንግስት በዛው አመት ኖቬምበር ወደ 9 ሺ ሰው አመጣለሁ ብሎ ወሰነ፣ ጥቂት ወር ቆይቶ በጀት የለም ብሎ አጠፈው። ነጉሴ ከሌላው የሊኩድ ሰው ከዳቪድ አምሳሌም ጋር ሆኖ ከእንግዲህ ለመንግስት ድምፅ አልሰጥም አለ፣ ኔታንያሁ ያኔ ከ120 ወንበር ያለው 61 ብቻ ስለሆነ 2 ሰው ሲጎድልበት ምን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ኤፕሪል 2016 ተስማሙ፣ ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያዎቹ ገቡ። ይሄን ሰልፍ ያመጣዋል?

የሃደራው፦ 61 ስለነበሩ ነዋ! ሜይ ላይ ሊበርማን ፓርቲውን ይዞ መንግስቱ ላይ ሲጨመር ያ ጉልበት አለቀ፣ የመጡትም በጭልፋ ነው የመጡት። በ2019 የኛው ልጅ ሰለሞን ተካ በፖሊስ ሲገደል መንገድ የዘጋው ወጣት ማንን አስፈቅዶ ነበር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ጣልቃ ልግባ። ኦባማ በ1985 ቺካጎ ሄዶ ደቡቡ ሰፈር ውስጥ ህዝብ ሲያደራጅ ነበር፣ ህግ ተምሮ ተመለሰና በ1996 ለኢሊኖይ ሴኔት ተመረጠ። እሱ ግን ሰፈር ነበረው፣ ካጠፋ ያው የሰፈሩ ሰው ያወርደዋል። እናንተ ጋ ሀገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፣ የምትመርጡትም ሰው ሳይሆን ፓርቲ ነው፣ እና የዚህ ሰውዬ አለቃ ማነው?

የሃደራው፦ ተባረክ! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ጋዲ የቫርካን የኛን መብት ሲያስከብር የምናውቀው ሰው በ2019 የኔታንያሁ ተቃዋሚ በሆነው በካሆል ላቫን ገባ፣ በ2020 ሊኩድ ሆኖ ተገኘ። ኔታንያሁ ይውረድ ብሎ የመረጠው ሰውዬ ማንን ይጠይቅ?

የአሽዶዱ፦ ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቅ። ፕኒና በ2013 በገባችበት ፓርቲ በየሽ አቲድ ውስጥ የእጩዎቹን ዝርዝር መሪው ላፒድ ነው ያወጣው፣ ሊኩድ ውስጥ ግን አባል የሆነ ሰው በፕራይመሪስ (እጩ በሚመረጥበት የፓርቲው የውስጥ ምርጫ) ድምፅ ይሰጣል፣ ስለዚህ አለቃው አባሉ ነው። እኛ በየሰርጉና በየለቅሶው እናማቸዋለን እንጂ ተመዝግበን አንገባም፣ ከዛ ሌላው የመረጠልን ሰው ለምን ዝም አለ እንላለን። አንተ የማን አባል ነህ?

የሃደራው፦ የማንም!! ድምፄን ቀድሜ ለማንም አላስይዝም።

እናት ከረሆቦት፦ እኔ አለሁበት፣ ባለፈው ሄጄ ሰጥቻለሁ። ለማን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም 😄

አወያይ፦ እማማ ይሄማ አይሆንም፣ ለማን እንደሆነ ይንገሩን 😂