የጀርመኑ 151 የጭነት ሎኮሞቲቭ እና ተተኪው 152፦ ሁለት አክስል ቀንሶ እንዴት ያንኑ ጭነት ይጎትታል?

ጥያቄ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለጀርመን ፌዴራል ባቡር የተሠሩት 170 የ151 ዓይነት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው ስድስት አክስል (ጥንድ መንኮራኩር የሚያያይዝ ዘንግ)፣ 118 ቶን ክብደት እና 6,000 ኪሎዋት ገደማ አቅም አላቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣው የሲመንስና የክራውስ ማፋይ ኩባንያዎች ሥራ የሆነው 152 ግን ባለ አራት አክስል ነው፤ ክብደቱ ወደ 87 ቶን ወርዶ ሳለ አቅሙ 6,400 ኪሎዋት ደርሷል። የሚጎተተው ጭነት ሳይቀንስ ይህን ያህል ክብደት መቀነስ እንዴት ተቻለ?

መልስ 1

ምክንያቱ በዋናነት ሞተሩ ነው። የ151 ሞተሮች ኮሚውቴተር (ኤሌክትሪክን ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል የሚያስተላልፍ አካል) ያላቸው ስለሆኑ ለሚሰጡት አቅም ግዙፍ ናቸው፤ አንዱ የሚያወጣው 1,000 ኪሎዋት ገደማ ሲሆን፣ በኢንቨርተር (የኤሌክትሪኩን ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚመገበው የ152 ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር 1,600 ያወጣል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን መንኮራኩሩ ሐዲዱን ሲለቅ የሚታየው ነው። የቀድሞው ሞተር መንሸራተት ከጀመረ ፍጥነቱ እየናረ ይሄዳል፤ አዲሱ ግን ኢንቨርተሩ የሚልክለትን ፍሪኩዌንሲ ተከትሎ ስለሚዞር፣ ከዚያ አልፎ ሊፈጥን ሲል ጉልበቱ ወዲያው ይወድቅና መንኮራኩሩ መልሶ ሐዲዱን ይይዛል። መንኮራኩሩ ሐዲዱን የሚይዘው በክብደት ስለሆነ፣ በዚህ የተነሳ 152 ያለውን ክብደት እስከ ጫፍ ድረስ ሊጠቀምበት ይችላል። በተጨማሪም 151 ፍሬን ሲይዝ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ በሬዚስተር ሙቀት አድርጎ ሲያባክነው፣ 152 ወደ መስመሩ ይመልሰዋል።

መልስ 2

የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ሆኖም የተቀነሰው ክብደት በአዲሱ ሞተር ሙሉ በሙሉ ተተክቷል ማለት ይከብደኛል። ኪሎዋት የሚነግረን ጭነቱ በምን ፍጥነት ሊሄድ እንደሚችል ነው፤ ከቆመበት የሚያስነሳው ግን የመጎተት ጉልበት ሲሆን፣ እሱም በ151 395፣ በ152 ደግሞ 300 ኪሎኒውተን (የጉልበት መለኪያ) ነው። በሽቱትጋርትና በኡልም መካከል ያለውን የጋይስሊንገን ዳገት እንውሰድ፤ በየ1,000 ሜትሩ 22.5 ሜትር ይወጣል። በዚያ ላይ 1,500 ቶን ፉርጎ ወደ ኋላ የሚጎትተው የመሬት ስበት ብቻውን 331 ኪሎኒውተን ይሆናል። ስለዚህ አንድ 152 ይህን ባቡር ብቻውን አያስነሳውም፤ ከኋላ የሚገፋ ያስፈልገዋል፤ ለረጅም ዘመን በዚያ ዳገት ሲገፋ የኖረውም ራሱ 151 ነበር። ከሐምቡርግ ወደ ዛልትስጊተር ከ5,000 ቶን በላይ የብረት ማዕድን ይዘው የሚሄዱትን ባቡሮችም ሁለት 151 ተጣምረው ይጎትቱ ነበር። የተለመደው በብሎን የሚጠብቀው መያያዣ ያን ጭነት ስለማይችል አውቶማቲክ መያያዣ ተገጥሞላቸዋል።

መልስ 3

የሐዲዱም ጉዳይ አለ። ክብደቱ ለአራት አክስል ሲካፈል እያንዳንዱ የሚሸከመው ከ20 ቶን በታች መሆኑ ቀርቶ ወደ 22 ቶን ይጠጋል። በዚያ ላይ የ152 ሞተር በከፊል ያረፈው አክስሉ ላይ ስለሆነ ሐዲዱን አጥብቆ ይመታል። ኦስትሪያ በዚሁ ምክንያት በመስመሮቿ ላይ እንዲሄድ አልፈቀደችም፤ ከታዘዙት 195 ውስጥ የመጨረሻዎቹ 25 በ182፣ ማለትም ታውሩስ በሚባለው ሌላ የሎኮሞቲቭ ዓይነት፣ የተቀየሩትም ለዚህ ነው።