ፖስትግሬስ ከ14 ወደ 18 ሲያድግ ሰርቪሱ አልነሳ አለ

ሰንጠረዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 11 ባለው ዴስክቶፕ ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም 18ኛ ቨርዥን ኢንስቶል አድርጌ ሰርቪሱ (ከበስተጀርባ የሚሠራው ክፍል) የ14ን የዳታ ፎልደር እንዲያነብ አደረግኩት። ሰርቪሱ ይነሳና ወዲያው ይቆማል። ሎጉ ፎልደሩ በ14 የተፈጠረ ስለሆነ ከ18 ጋር አይስማማም ይላል። ዳታውን ወደ አዲሱ ቨርዥን በሚያሻግረው በፒጂ አፕግሬድ ስሞክረው ደግሞ «ቼክሰም» የሚል ነገር ጠቅሶ ያቆማል። 14 አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ዳታው 40 ጊጋ ነው፣ ዲስኩ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ 30 ጊጋ። ዳታው ተበላሽቶ ይሆን?

ቋት ጠባቂ፦
አልተበላሸም። 18 ሲነሳ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን «ፒጂ ቨርዥን» የተባለ ትንሽ ፋይል ያነባል፤ 14 የሚል ሲያገኝ ዳታውን ሳይነካ ይወጣል። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተህ ቁጥሩን ቀይር የሚልህ ካለ አትስማው፤ የሲስተም ካታሎጉ (ዳታቤዙ ስለ ራሱ መረጃ የሚይዝበት ክፍል) አሠራር በየዋናው ቨርዥን ይለያያል፣ ቁጥሩን መቀየር ውስጡን አይቀይረውም።

የቼክሰሙ ነገር፦ ቼክሰም ዳታው ዲስክ ላይ መበላሸቱን የሚያሳውቅ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። እስከ 17 ድረስ ኢኒት ዲቢ (አዲስ የዳታ ፎልደር የሚፈጥረው ፕሮግራም) ቼክሰምን የሚያበራው ስትጠይቀው ብቻ ነበር፤ 18 ግን በራሱ ያበራዋል። የድሮውና የአዲሱ ፎልደር በዚህ ካልተመሳሰሉ ፒጂ አፕግሬድ አይቀጥልም።

መጀመሪያ 18ን ወደ ራሱ ፎልደር መልሰው። 14ን አስነሳና ባካፕ ወደ ውጫዊ ዲስክ ውሰድ፤ ባካፑን የሚወስደው ፒጂ ደምፕ ኦል ከ18 ፎልደር ያለው ይሁን። ከዚያ ሁለቱንም ሰርቪስ በሥርዓቱ አቁም፤ ከታስክ ማኔጀር አትግደላቸው። የ18ን ዳታ ፎልደር ባዶ አድርግና «ኖ ዳታ ቼክሰምስ» በሚለው አማራጭ ኢኒት ዲቢን እንደገና አስኪድ። ዩዘሩ ፖስትግሬስ መሆኑን እዚያው ጻፍለት፤ ካልጻፍክ የዊንዶውስ ስምህን ይወስድና ቀጥሎ በዚያ ይወድቃል። ኢንኮዲንግና ሎኬል (የፊደልና የቋንቋ ቅንብር) እኩል ይሁን የሚሉ የቆዩ መመሪያዎች አያስጨንቁህ፤ ከ16 ጀምሮ ከድሮው ራሱ ይወስዳል።

አሁን ፒጂ አፕግሬድን በ«ቼክ» ብቻ አስኪደው፤ ይህ ምንም አይለውጥም። 40 ጊጋ በ30 ላይ ስለማይገለበጥ ዋናውን ስታስኬድ «ሊንክ» ጨምርበት (ፋይሎቹን ከመገልበጥ ይልቅ ሁለቱ ፎልደሮች እንዲጋሩ ያደርጋል)፤ ሁለቱ ፎልደሮች ግን አንድ ድራይቭ ላይ መሆን አለባቸው።

ጥቁር ስክሪን፦
ሊንክ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ፋይሎቹ የጋራ ስለሚሆኑ 18 አንዴ ከተነሳ ወደ 14 መመለስ የለም፤ የሚያድንህ ባካፑ ብቻ ነው። ሊንኩ ተሠርቶ 18 ገና ካልተነሳ ግን፣ ግሎባል ፎልደር ውስጥ ያለው የ14 «ፒጂ ኮንትሮል» ፋይል መጨረሻው ላይ «ኦልድ» ተጨምሮበት ታገኘዋለህ። ጭማሪውን ስታነሳለት 14 ይነሳል።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኮማንዱን መጻፍ ከተፈቀደልህ ፎልደር አስኪደው፤ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ሆነህ ከሆነ ፐርሚሽን ይከለክልሃል። ፒጂ አፕግሬድ ሰርቨሮቹን ደጋግሞ ስለሚገናኝ ፓስወርድ እየጠየቀ እንዳይቆም ማን እንዴት እንደሚገባ በሚወስነው በሁለቱም የ«ፒጂ ኤችቢኤ» ፋይል ላይ ለጊዜው «ትረስት» (ያለ ፓስወርድ ማስገባት) አድርግ። ሲያልቅ መልሰው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ሰንጠረዥ፦
ቼክሰሙ አለፈ። አሁን «ሎደብል ላይብረሪስ» የሚል ፋይል ጽፎ ቆመ፤ ውስጡ ፖስትጂአይኤስ ይላል።

ቋት ጠባቂ፦
የ18 ፎልደር ውስጥ የፖስትጂአይኤስ (የካርታ ዳታ ለመያዝ ፖስትግሬስ ላይ የሚጨመር ኤክስቴንሽን) ላይብረሪ የለም ማለት ነው። ለ18 የተዘጋጀውን ፖስትጂአይኤስ ኢንስቶል አድርግ፤ አዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ግን ክሪየት ኤክስቴንሽን አትበል፣ ትርጉሙ ከድሮው ተገልብጦ ስለሚመጣ ይጋጫል። ከዚያ ቼኩን ድገም።

ካለፈ በኋላ 18 አሁንም አልነሳ ካለ፣ ኢኒት ዲቢን ያስኬድከው አንተ ስለሆንክ ሰርቪሱ የሚሠራበት ኔትወርክ ሰርቪስ የተባለው አካውንት ፎልደሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ እንዳለው አረጋግጥ። ፖርቱንም እይ፦ 14 ቀድሞ 5432ን ስለያዘ ኢንስቶለሩ ለ18 የሰጠው 5433 ሊሆን ይችላል፤ አፕሊኬሽኖችህ የሚፈልጉት የድሮውን ነው።

18 ስታቲስቲክሱን (ዳታቤዙ ጥያቄን በፍጥነት ለመመለስ የሚጠቀምበትን መረጃ) በአብዛኛው ይዞ ይሻገራል። የጎደለውን ለመሙላት ቫኪዩም ዲቢን «ሚሲንግ ስታትስ ኦንሊ» እና «አናላይዝ ኢን ስቴጅስ» ጨምረህ አስኪደው። የድሮውን የሚያጠፋው ባች ፋይል እዚያው ተዘጋጅቶልሃል፤ አፕሊኬሽኖችህ በትክክል መሥራታቸውን ሳታይ አትንካው።